ጠመኔና ጠበል

ጡረታ በወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሸለሙኝ። እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም፤ ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። እዚህ አገር ግን ሽማግሌ ከሥራ ሲወጣ ወንዝ ዳር ሄዶ ዝም ይላል ተብሎ ስለሚታመን፣ አለቃዬ ዘንጉን አስረከበኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ ማረፍ ነው» አለኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ዘንጉ እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው። ክሩን ግን ፈትቼ ለቁም ነገር አውዬዋለሁ፤ አዲስ ቀለም የተቀቡ የመኪና ዕቃዎች ጋራዥ ውስጥ አንጠለጥልበታለሁ።

ሥራዬ ባትላሜራ ነበር። ለማያውቀው፣ ተጋጭቶ የተጨራመተ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እያቃና ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ ሰው ማለት ነው። አዲስ አበባ ጀምሬ፣ ለንደን ካምደን ውስጥ ተምሬ፣ ዋይት ሲቲ አጠገብ ካለ የአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት መኪና እንዳቃናሁ አላውቅም። ሰው ሥራህ ምን ነበር ሲለኝ የማነሣት ግን አንዲት መኪና ብቻ ነች። እሷም በደመወዝ የተሠራች ሳትሆን በቤቴና በሚስቴ በአስካለ ትዕግሥት ላይ የተሠራች ናት።

መዶሻ መያዝ የጀመርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከነበረ አንድ ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ትምህርት አጭር ነበር፤ «ጎድጓዳ ካየህ ሙላ»። የምንሞላው በስቱኮ ነው። ስቱኮ እንደ ሊጥ ተለውሶ ቆርቆሮ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እኛ ጣት የሚያህል ውፍረት ለጥፈን፣ አለስልሰን፣ ቀለም ቀብተን እንሰጣለን፤ ባለ መኪናውም ጥርሱ እየታየ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ባለ ታክሲ ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ የወለቀውን ስቱኮ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ዳቦህን ረስተህብኝ ነበር» አለው። እኔ ያን ቀን በጣም ነው የሳቅኩት።

ለንደን መጥቼ ጥቂት ጊዜ ሰሐን ካጠብኩ በኋላ፣ ካምደን የባቡር ድልድይ ሥር አበሻ ፎርማን ያለበት ጋራዥ እንዳለ ሰማሁና ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት ቆጵሮሳዊ ነበር። ዓርብ ዓርብ ደመወዛችንን በፖስታ አድርጎ ያድለናል፤ ሌላውን ቀን ስልክ ላይ ነው። ጋራዡን የሚያስተዳድሩት ፎርማኑ ጋሼ ክፍሎም ነበሩ። አስመራ ተወልደው፣ ከጣልያን ባለሙያ ሥር ሙያ ተምረው፣ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ የሠሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው እንደ ድሮ ዜና አንባቢ የተስተካከለ ነው። ከቱታቸው ሥር ክራባት ያስራሉ። መኪና ሥር ተኝተው ሲነሡ እንኳ ክራባታቸው ቅባት አይነካውም፤ እንዴት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸው መልስ አላገኘሁም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ምንጊዜም አንድ ነጭ ጠመኔ አለ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የተመታ በር ሰጡኝና ቆመው ያዩኝ ጀመር። ግራ ቀኝ አየሁና፣

«ስቱኮው የት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

በሩን በጣታቸው አንኳኩ። «መኪና ልትሠራ ነው የመጣኸው ወይስ ዳቦ ልትጋግር?»

ይቺ ዳቦ ባሕር ተሻግራ ተከትላኛለች ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቱኮ የሚባል ነገር ረስቼ ሙያውን ከሀ አንድ ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ ክፍሎም እንዳስተማሩኝ፣ የተመታ ቆርቆሮ መሀሉን አይነኩትም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ መጨረሻ ላይ የታጠፈው መጀመሪያ ይቃናል። ከውስጥ ብረት ደግፎ ከውጭ መታ መታ ነው። ኃይል የሚጠይቅ አይምሰላችሁ፤ በር የሚያንኳኳ ትሑት እንግዳ ያህል ነው የሚመታው። ቆርቆሮው ከልክ በላይ ከተለጠጠ በእሳት አግሎ በእርጥብ ጨርቅ ሲጫኑት ይሰበሰባል። ያን ስሠራ ጋሼ ክፍሎም ከኋላዬ ቆመው በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ፤ ሲከፋቸው ብቻ ነው ትንፋሻቸው የማይሰማው።

ዋናው ነገር ግን ቁጥጥራቸው ነው። ሥራው አለቀ ሲባል ስስ የጥጥ ጨርቅ ከመዳፋቸው ሥር ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ከትከሻ ዘርግተው ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱታል። «ዓይን ቀለም ያያል፤ ቀለም ደግሞ ውሸታም ነው» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ይቆማል። ጠመኔውን ያወጣሉ፣ ክብ ይሠራሉ፣ ይቀጥላሉ። አይቆጡም፣ አያብራሩም። እኔ ክቡን እያየሁ እንደገና እመታለሁ፤ ተመልሰው ሲመጡ ክቡ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። የሌሎቹ ሠራተኞች ሥራ አንዳንድ ጊዜ ያለ ጠመኔ ያልፍ ነበር። የኔ ግን አንድም ቀን አላለፈም። ሲመረኝ አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ አንዲት ስፖርቴሎ፣ አንዲት የመኪና በር እንኳ ያለ ጠመኔ አታሳልፉልኝም?» አልኳቸው።

«ጠመኔ ርካሽ ነው» አሉኝ።

መኪናዋ የመጣችው በዚያን ዘመን ነው። የአንድ እንግሊዛዊ ወጣት አጎት ከአሜሪካ በመርከብ ያስመጣት ነበረች። ሁለት በር፣ አልጋ የሚያህል ረጅም ኮፈን፣ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፤ መሪዋ እንደ አገራቸው በግራ በኩል። በወጣትነቷ መንገድ ስታንቀጠቅጥ ኖራለች። እኛ ጋ ስትደርስ ግን ወለሏ በዝገት ተበልቶ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጠህ ወደ ታች ስታይ አስፋልቱ ይታይህ ነበር። ወጣቱ አንድ ፓራፋንጎ ሊያስቃና አምጥቷት፣ ሌላውን ጉዷን ስናሳየው ፊቱ ጠቆረ። ቆይቶ አውስትራሊያ ሊኖር እንደሚሄድና የፈለገ ሰው እንዲወስዳት በስልክ ነገረን፤ ወረቀቷንም ፈርሞ ላከ።

ምንም ነገር ሲመኙ አይቻቸው የማላውቃቸው ጋሼ ክፍሎም ያቺን መኪና ተመኙ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኮፈኗን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ጠመኔው ኪሳቸው ውስጥ ነው። «ይቺን የሠራት ሰው ተኝቶ አልሠራትም» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ የወጣ ምስጋና ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የተመሰገነው ሰው እኔ ባልሆንም ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከድልድዩ ሥር ያለው ቦታ ለካፌ ተፈለገና ጋራዡ ተዘጋ። እኔ ዋይት ሲቲ አውቶቡስ ጋራዥ ገባሁ። ጋሼ ክፍሎም ግን ሥራ አልፈለጉም። የዓይን ግፊት ይዟቸው ሐኪም ቤት ይመላለሱ ነበር፤ ግራና ቀኙ እየጠበበባቸው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነዋል። መኪናዋን ሆሎዌይ ከምንኖርበት፣ የቀበሌ ቤት ብጤ ከሆነ የካውንስል ሕንፃ ሥር ወደተከራየሁት ጋራዥ ጎትተን ወሰድናት። ጋራዡ በር ላይ ቆመን ተስማማን። እኔ እሠራታለሁ፣ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በጠመኔ ይቆጣጠራሉ፣ ቀለሙን እሳቸው ይመርጣሉ። የመረጡት ጥቁር አረንጓዴ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ ሲሄዱ። «ዓይኔ ሳይዘጋ አድርስልኝ። ያቺን አረንጓዴ ማየት እፈልጋለሁ።»

«አይዞዎት፣ እናደርሳታለን» አልኳቸው። ለሁለት ዓመት የሚበቃ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ቀን የአውቶቡስ ሥራ አለብኝ። እሱም ቢሆን ሙያ አይባልም ነበር፤ አውቶቡስ ሲጋጭ የተመታውን ቆርቆሮ ፈትተህ ትጥላለህ፣ አዲሱን ከሳጥን አውጥተህ ትገጥማለህ። አለቃዬ ታብሌት ይዞ ይዞራል፤ መዶሻዬን ሲያይ «ይሄ ለምንድነው?» ይለኛል። አንዴ ብቻ ለአንድ አሮጌ አውቶቡስ መለዋወጫ ጠፍቶ ጥጉን በመዶሻ አቃናሁለት። ፎቶ አንሥቶ ለሁሉም ላከውና ለሳምንት ያህል እንደ ጠንቋይ ሲያዩኝ ሰነበቱ። ከዚያ መለዋወጫው መጣና ያቃናሁትን ፈትተው ጣሉት።

ቅዳሜ ስትደርስ ግን ሰው እሆናለሁ። ጋሼ ክፍሎም ክራባታቸውን አስረው ከካምደን በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ የሳምንቱን ሥራ ይዳስሳሉ፣ ክብ ክብ አድርገውበት ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ወለሉን አዲስ ቆርቆሮ ቆርጬ በየድኩት። የበሰበሰውን የበር ሥር ጣልኩና በእጄ ቀጥቅጬ ሌላ ሠራሁለት። እሱን ሦስት ጊዜ አሠርተውኛል።

አስካለ መኪናዋን «እንግዳዋ» ነው የምትላት። ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ የተፈታው ዕቃ የሚቀመጠው ቤታችን ነው። የፊት መከላከያዋ አልጋችን ሥር ገባ። ብሎኖቹ ዝገታቸው እንዲለቅ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ኮምጣጤ ተሞልቶላቸው ከረሙ፤ እኛም ከገንዳው ውጭ ቆመን በጆግ ስንታጠብ ከረምን። የኋላ ወንበሯ ሳሎን ገብቶ ሶፋ ሆነ። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጥበታል፣ «ወይ ሲመች፣ ከየት ገዛችሁት?» ይላል። አስካለ «ከአሜሪካ ነው» ትላለች፤ ቀበቶውን ግን ከትራሱ ሥር ትደብቀዋለች።

አንድ ጊዜ ጎረቤት በመዶሻው ድምፅ ተማሮ ኖሮ ከካውንስሉ የቤቶች ተቆጣጣሪ፣ ሃውሲንግ ኦፊሰሯ መጣች። ጋራዡን ዞር ዞር ብላ አየችና ቢዝነስ ነው የምትሠራው ወይ አለችኝ። እኔ መልስ ሳስብ አስካለ ከኋላ፣ «ቢዝነስ ቢሆንማ ገና ዱሮ ከስሮ፣ ባንክራፕት ሆኖ ይዘጋ ነበር» አለች። ልጅቷ ሳቀች፤ ከእሑድ በቀር መዶሻ ይፈቀዳል ብላን ሄደች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆርቆሮው በሙሉ ያለቀበት ቀን ደረሰ። አሮጌውን ቀለም ከጣሪያ እስከ እግሯ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጥቤ፣ መኪናዋ ራቁቷን ቆመች። ሙያውን የማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ራቁት ቆርቆሮ አራስ ማለት ነው። ነፋስ አይንካት፣ እርጥበት አይንካት። ጋሼ ክፍሎም በላብ እጁ የሚነካትን ሠራተኛ ከጋራዥ ያባርሩ ነበር። ሰኞ ፈቃድ ወስጄ አንቲራስቱን፣ ያን ዝገት መከላከያ ቀለም፣ ልቀባት ሁሉን አዘጋጅቻለሁ።

ያ እሑድ ግን የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኛ ቤት የደረሰበት ቀን ነበር። ማኅበርተኛው መጣ፣ አባ ኃይለ ማርያምም መጡ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድስት ሳጥብ አስካለ አባን ወደ ታች ይዛቸው ወረደች። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ቤቷን የያዘችባት እንግዳ አልቃ እንድትወጣላት ጸልዩልኝ ብላቸው ኖሯል። አባ ደግሞ ከአገር ቤት በአውሮፕላን ያመጡት ጠበል በጀሪካን ይዘው ነበር፤ እጃቸውም ሰፊ ነው።

ድምፅ ሰምቼ ስወርድ ማኅበርተኛው ጋራዡ በር ላይ ተሰልፎ ያማትባል። አባ ጣሪያውን ጨርሰው፣ ኮፈኑን ጨርሰው፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ ደርሰዋል። ክዳኑን ከፍተው ውስጡንም ረጩት። ራቁቷ መኪና ከላይ እስከ ታች ጠብታ በጠብታ ሆና ታብለጨልጫለች። እጄ በራሱ ጊዜ ከኪሴ ጨርቅ አወጣና ወደ ኮፈኑ ተዘረጋ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ አስካለ።

«ልጠርገው ነዋ።»

ማኅበርተኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጠበል እንደማይጠረግ አልጠፋኝም። ሰውነት ላይም ቢሆን በራሱ ጊዜ ነው የሚደርቀው፤ ማንም ከአባ ፊት ቆሞ በረከትን በጨርቅ አይጠርግም። ጨርቁን መልሼ ከተትኩና አማተብኩ። ሌሎቹ ለምን እንዳማተቡ አላውቅም፤ እኔ ስለ ዝገት ነበር። ሰዉ ሲበተን የአስካለን ፀጉር ማድረቂያ ይዤ ወረድኩ። አልጠረግኩም እኮ፣ ነፋስ ነው ብዬ ለራሴ ተከራክሬአለሁ። ደረጃው ላይ አገኘችኝና፣ «ጠበል ላይ ፀጉር ማድረቂያ? አንተ ሰውዬ ፈጣሪን አትፈራም?» ብላ ከእጄ ወሰደችው።

ጠዋት ስከፍተው ጠብታ ባረፈበት ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስል ቀልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ አጠፋሁት፤ ለዓይኔ ጠፋ። አንቲራስቱን ቀባሁ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ያንን ጥቁር አረንጓዴ ደረብኩበት። ጋራዡን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የቀባሁት። ስወለውላት ፊቴ ይታይባት ጀመር። ጋሼ ክፍሎምን ቀለሙ እስኪያልቅ እንዳይመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ ጨርሼ ላሳያቸው ነው። ያን ጊዜ ገና በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ ያያሉ። ለፋሲካ ማግስት ቀጠርኳቸው።

ከፋሲካ በፊት ለንደን እንደ ልማዷ ሳትነግረን ሞቀች። ጋራዡ ተፋፍሞ ሰነበተ። ልጎበኛት ስገባ ኮፈኑ ላይ ትናንሽ ጉድፎች ቆመው አገኘሁ። ጣሪያውም፣ ስፖርቴሎዎቹም እንደዚያው። ጠብታው ያረፈበት አንድም ቦታ አልቀረም፤ አባ እጃቸውን ያወናጨፉበት መስመር ሳይቀር ይነበባል። ዝገቱ ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ቀለሙን ከሥር አንሥቶታል። የዓመታት ሥራ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሙያዬ እንደዚያ ያለ ውድቀት ገጥሞኝ አያውቅም፤ ደግሞስ ማን ላይ ይፈረዳል? ጠበል አይከሰስ።

ጋሼ ክፍሎም ደወሉ።

«ታደሰ፣ መኪናዋስ?»

«ቀለሙ እየደረቀ ነው ጋሼ።»

ሰነባብተው እንደገና ደወሉ። «ደረቀ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ምኑን ነው የቀባሃት? የምግብ ዘይት ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን አልጠየቁኝም።

እንደገና እስከ ቆርቆሮው ልፍቃት ስነሣ አስካለ መንገድ ዘጋችብኝ። «ጠበሉን ልትፍቀው?» አለች። አባ ዘንድ ደወልን። አባ ሳቁና፣ «ዝገቱን ፋቀው ልጄ፣ በረከቱ በብርጭቆ ወረቀት የሚለቅ አይደለም» አሉ። አስካለ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም፤ ለዋስትና አንዲት ጠብታ ይቀመጥ አለች። በባለቤቴ መታጠቢያ ገንዳ ብሎን ዘፍዝፌ ያከረምኩ ሰው ነኝና እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። የዕቃ መጫኛው ክዳን ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ጉድፍ እንዳለች አልፌ ሌላውን በሙሉ ፈቅኩ። ይህ ሥራ አንድ ዓመት በላ። ጡረታ የወጣሁት በዚያው መሀል ነው፤ የዓሣ ማጥመጃውም ክር የተፈታው ያኔ ነው።

ጨርሼ ላመጣቸው ካምደን ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ነጭ ዱላ ይዘው ነው። ክራባታቸው ወደ ጎን ዞሯል።

«መቼ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ክረምቱ ላይ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ የቀለሙን ነገር ነገርከኝ?»

 ክራባታቸውን አስተካከልኩላቸውና ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ፣ «አረንጓዴው እንዴት ወጣ?» አሉኝ። ዝናብ ሲያባራ የወይራ ቅጠል እንደሚመስል፣ ጥላ ሲያገኝ እንደሚጠቁር ልነግራቸው ጀመርኩ።

«ቅጠሉን ተወው። ጥቁሩ ይበዛል ወይስ አረንጓዴው?»

«ጥቁሩ ይበዛል።»

«ልክ ነው» አሉ።

ጋራዡ ጋ አስካለ ሻይ ይዛ ቆማለች። ጋሼ ክፍሎም ዱላቸውን ለእሷ ሰጥተው ከኪሳቸው ስሱን ጨርቅ አወጡ። ዱሮ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ አሁን መጨፈኑ አላስፈለጋቸውም። ከግራው ፓራፋንጎ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ፤ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ስፖርቴሎውን አለፉ፣ ጣሪያውን አለፉ፣ ኮፈኑ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩና አለፉ። ጠመኔው አልወጣም። ዞረው ሊጨርሱ ሲሉ የዕቃ መጫኛውን ክዳን አስከፈቱኝና ውስጡን ዳሰሱ። ማንም የማይዳስሰው ቦታ ነው። ትንፋሻቸው ጠፋ። ጠመኔው ወጣ፣ ክብ ተሠራ።

«ይሄስ?»

«ጠበል ነው ጋሼ» አልኩና ከማኅበሩ ቀን እስከ ፀጉር ማድረቂያው ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። አስካለ አንገቷን ደፋች። ጋሼ ክፍሎም እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ከዚያ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው ሳቅ ክዳኑን ተደግፈው ሳቁ። እሳቸው ካቶሊክ ናቸው።

«ደግነቱ የኛ ቄስ አልመጡም» አሉ። «የኛ ጠበል ጨው ይገባበታል። ይሄኔ አጽሟ፣ ቴላዮዋ ብቻ ነበር የሚቀርህ።»

ከዚያ በሕይወታቸው ቅባት አስነክተውት የማያውቁትን ክራባት ጫፉን ያዙና ክቡን ጠረጉት።

«ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም» አሉኝ።

ያለ ጠመኔ ያለፍኩበት ቀን ያ ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ እንደ ሕፃን ፊቴን አዙሬ ነው ያለቀስኩት።

«በል እንውጣባት» አሉ። እኔ በግራ፣ መሪው ጋ ገባሁ፤ እሳቸው በቀኝ ተቀመጡ፣ ነጩን ዱላ በጉልበታቸው መሀል አቆሙት። ሞተሩ ሲነሣ የሕንፃው መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ሆሎዌይ ሮድ ላይ ስንወጣ ሰው ሁሉ መቆም ጀመረ። አንዲት ሴት የልጅ ጋሪዋን ከእግረኛ መንገዱ ወደ ግድግዳው ሳበች። የዳቦ ቤቱ ሰው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መብራት ላይ ከጎናችን የቆመው የአውቶቡስ ሹፌር አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሰው እያያት ነው?» አሉኝ።

«በጣም ጋሼ።»

«ወደዷት?»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ አገር ሹፌር የሚቀመጠው በቀኝ ነው። ሰዉ የሚያየው አረንጓዴውን አይደለም፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ነጭ ዱላ ይዞ፣ ይህን የሚያህል መኪና ሆሎዌይ ሮድ ላይ የሚነዳ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው።

«እጅግ ነው የወደዷት» አልኳቸው።

ብዙ ሳንሄድ የፖሊስ መኪና ከኋላችን ጮኸ። ቆምኩ። አንድ ወጣት ፖሊስ ወርዶ እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ መስኮት መጣና ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ ያዩኛል?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

«አላይህም» አሉት ጋሼ ክፍሎም በዚያው በተስተካከለው አነጋገራቸው። «ድምፅህ ግን የጨዋ ልጅ ነው።»

ልጁ ደረቱ ላይ ያለውን ሬዲዮ ያዘ። እኔ በግራ በኩል ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጣቶቼን አወዛወዝኩለት። አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጣሪያውን ተደግፎ ሳቀ፤ መኪናዋንም ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «አንድ እንከን የላትም» ብሎ ለቀቀን።

«ምን ሆኖ ነው ያስቆመን?» አልኳቸው እንደማያውቅ ሰው።

«ከጠዋት ጀምሮ ዱላውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ የያዝኩት ለምን መሰለህ?» አሉኝ። «ጣሪያዋ ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይታይ ነበር።»

እየሳቅን ተመለስን። አውቶቡስ አሳፍሬ ሸኘኋቸውና መኪናዋን ላስገባ መጣሁ። በር ስከፍት እሳቸው ከተቀመጡበት ፊት ለፊት፣ ብረቱ ዳሽቦርድ ላይ፣ ከጉልበታቸው በላይ፣ ነጭ ክብ አየሁ። እየነዳሁ ሳለ ሠርተውት ኖሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም። በእጅ ባትሪ አየሁ፤ ምንም የለም። ስስ ጨርቅ ከመዳፌ ሥር አደረግኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ክንዴን ከትከሻ ዘርግቼ ዳሰስኩት። ምስር የምታህል ጎድጓዳ ነበረች።

«በቃ አለቀች አይደል?» አለችኝ አስካለ ከኋላዬ። ፊቷ በርቷል።

ባርኔጣዬን አውልቄ ክቡ ላይ አስቀመጥኩት። «አለቀች» አልኳት። ዳሽቦርዱን ለማውጣት መጀመሪያ የፊት መስታወቷ መውረድ አለበት፤ መስታወቱ ሳይሰበር የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ሶፋው ወጥቶ ባዶ የቀረው ሳሎናችን ብቻ ነው።